ሽታው እስኪወጣ

ጥር 14

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎ? እናቴ እናንተ ጋ ብርዱ ጠንክሯል ብላኛለች፤ ካልሲ ደርበው ያድርጉ። «ምን አገባሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ይደርቡ።

«ጥርስ ሠሪ ሴት የብዕር መጠገኛ ፈሳሽ ስም ምን ያደርግላታል?» ብለው በስልክ ለጠየቁኝ መልሱ ረዘም ይላል።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ጡረታ የወጡ ዳኛ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። የላይኛውን ጥርሳቸውን እየሠራሁላቸው ነው። ቅጽ ላይ እንዲፈርሙ ስሰጣቸው ጠረጴዛው ላይ በገመድ የታሰረውን እስክሪብቶ በንቀት አይተው ከቦርሳቸው የራሳቸውን ብዕር አወጡ። አረንጓዴ፣ በውስጡ ጭስ የመሰለ ጥቁር የሚዞርበት፣ የወርቅ ቀለበት ያለው የድሮ የቀለም ብዕር። ክዳኑን ሲነቅሉት ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ አየሁ። መቼም ቀኑን ሙሉ በጥርስና በድድ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ፤ ስንጥቅ ከዓይኔ አያመልጥም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ የተሞረደበትን መንገድ ሳይ ግን ልቤ ደንገጥ አለ። እንደዚያ በሰያፍ፣ ከከንፈሩ ወደ ላይ እያነሳ የሚሞርድ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

«ማን ነው የጠገነልዎ?» አልኳቸው።

«እጀ ወርቅ ነው የተባለ ሰው ነበር» አሉ። «በፖስታ ብልክለት መስታወት አስመስሎ መለሰልኝ። ሦስት ሳምንት አልቆየም፤ መጀመሪያ ጎደጎደ፣ ከዚያ ተከፈተ። ብጽፍለት ይቅርታ ጠይቆ ሱቁን እንደዘጋ ነገረኝ። እኔ ሱቅ ይዘጋልኝ አላልኩም፤ ስንጥቁ ይዘጋልኝ ነው ያልኩት።»

የእህቱ ልጅ ነኝ አላልኩም። አፍሬ አይደለም፣ ደንግጬ እንጂ። ሱቁን ሲዘጉ ለእኛ ለሁላችን የነገሩን «ዓይኔ ደከመ» ብለው ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ደግሞ እንደርስዎ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ፊደል በቀጥታ መስመር አያሰፍርም፣ ጋሼ። እናቴ «ደውይና ጠይቂው» ብትለኝ ደወልኩ፤ ስለ ዝናብ አወሩኝና ዘጉት። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብዎ።

ብዕሩን ተቀብዬ «እኔ አስተካክልልዎታለሁ» ብያቸዋለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። የፈሳሹን ስም ከነአጠቃቀሙ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ድርቄ


ጥር 27

ለድርቄ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ካልሲ ደርቤያለሁ። ምን አገባሽ።

ብዕሩን ለዳኛዋ መልሺላቸው። የከፈቱት ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ይሆናል፣ መኪና ውስጥ ትተውት ይሆናል። ሰው ሁሉ ብዕሬን እንደ ልጄ ነው የምይዘው ይላል፤ ኪሱ ውስጥ አድርጎት ሲቀመጥበት ግን አይታወቀውም።

ስለ ፀጉር አስተካካዩ ከእናትሽ ሰምተሽ ይሆናል፤ እውነት ነው። ከግድግዳዬ ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ሦስተኛ ወንበር መጨመር ይፈልጋል። የእኔ ሱቅ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ ጠረጴዛዬና መሳቢያዎቼ አቧራ ይጠጣሉ። ሰኔ አንድ ቀን ቁልፉን አስረክበዋለሁ፤ ግድግዳውን አፍርሶ ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋል። ቃል ሰጥቼዋለሁ። ደግ ልጅ ነው፣ ደግሞም አልፈርድበትም። የሰው ፀጉር ማደጉን አላቆመም፤ ሰው ግን በብዕር መጻፉን አቁሟል።

የፈሳሹን ስም አልነግርሽም። ሳንባ ይጎዳል፣ እሳት ይወዳል። የሙያ ነገር በዚህ ይብቃ። እናትሽን ሰላም በያት።

አጎትሽ


የካቲት 10

ጋሼ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ሁለት ይቅርታ ነው፤ ትንሹን ላስቀድም።

ዳኛዋን «ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሠላሳ ዓመት በሰው ላይ ሲያፈጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጥርስ ሳይኖራቸው እንኳ ያስፈራሉ። «ብዕሬ ከቦርሳዬ፣ ቦርሳዬ ከትከሻዬ ወርዶ አያውቅም» አሉኝ። እንግዲህ ፀሐይ አይደለም።

አሁን ትልቁ። እርስዎ ስሙን ሲከለክሉኝ በራሳችን ፈሳሽ ሞከርኩት። ሰው ሠራሽ ድድ ስንሠራ ዱቄቱን የምናቦካበት ፈሳሽ አለን። ስንጥቁ ውስጥ በቀጭኑ አስገባሁት፤ ሲደርቅ ሞረድኩት፤ አበራሁት። መስታወት መሰለ። እንዲያውም ኮራሁ። «ጋሼን ጉድ ሠራሁት» ብዬ ለራሴ ሳቅኩ። በማግስቱ ጥፍሬን ባስጠጋው እንደ ጥፍር ቀለም ተልጦ ወጣ። ይባስ ብሎ ስንጥቁ የስንዴ ቅንጣት ያህል ረዝሟል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

አሁን ምርጫ የለዎትም። ብዕሩን እንደዚህ አድርጌ አልመልስም። ቢያስተምሩኝም ባያስተምሩኝም እሠራዋለሁ፤ ልዩነቱ ባያስተምሩኝ ክዳኑን አቅልጬ ማስቀረቴ ብቻ ነው። ሳንባዬን አያስቡ፤ የምሠራበት ክፍል ሽታ የሚስብ ማራገቢያ አለው፣ እሳቱም ሌላ ክፍል ነው።

ሰኔ አንድ ያሉትንም ሰምቻለሁ። ሰኔ አንድ ሳይደርስ ይህ ክዳን ይዘጋል። ያን ጊዜ «እጄ አበቃ» ማለት አይችሉም፤ እጁን ለእኔ ያስተማረኝ ሰው እጁ አላበቃም። እስከዚያ ቁልፉን ከኪስዎ እንዳያወጡ።

ጥፋተኛዋ
ድርቄ


የካቲት 22

ድርቄ፣

ብዕር ላይ ጥርስ ተከልሽበት! ደብዳቤሽን አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ እንደገና ሳቅኩ። ይህን ስም ያወጣሁልሽ የአራት ዓመት ልጅ ሆነሽ «አልበላም» ብለሽ ከሰዓቱን ሙሉ ከበር ሥር የተቀመጥሽ ቀን ነው። ያን ቀንም የተሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስሚ።

ስሙን ሰው ሁሉ እንደ ምሥጢር ያየዋል፤ ያው አሴቶን ነው። ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠውን ሳይሆን ከመድኃኒት ቤት ንጹሑን ግዢ።

መጀመሪያ ብዕሩን ዕወቂው። ክዳኑን በአውራ ጣትሽ እስኪሞቅ ፈትጊና አሽቺው። ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ከሆነ ልብስ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠውን የብል መድኃኒት ይሸታል። ያ የራሱ ሽታ ነው፤ ሲያረጅም አይለቀውም። ካልሸተተሽ ግን አትንኪው። ጎማ ከሆነ ፈሳሹ አንድም አይፈይድለትም።

ፈሳሹ ሙጫ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንቺም ጭምር። ሙጫ ሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ይህ ግን የስንጥቁን ሁለት ከንፈሮች ራሳቸውን ያለሰልስና እርስ በርስ ያዋሕዳቸዋል፤ ከዚያ ተንኖ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ እሱ በቦታው የለም።

የተከልሽውን ጥርስ በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ አጽጂ፤ ሁለት ቀን ይድረቅ። ከክዳኑ ውስጥ ማንም የማያየውን ቦታ በምላጭ ጫፍ ፋቂና የወጣውን ፍቅፋቂ በፈሳሹ ጠብታ ውስጥ ተዪው፤ እንደ ማር ይሆናል። ከዚያ ሦስት ፀጉር ብቻ በቀረው ብሩሽ ንጹሑን ፈሳሽ ስንጥቁን ንኪው። መግፋት የለብሽም፤ ራሱ ጠጥቶ ይሄዳል። የጎደለውን በዚያ ማር ሙዪው፤ የራሱ ሥጋ ስለሆነ ቀለሙም ይገጥማል። በክር እሰሪው፣ አታንቂው። እንባ የመሰለ ነገር በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። አትጥረጊው! ሰው ሁሉ መጥረግ ያምረዋል። እጅሽን ኋላሽ አድርገሽ ከክፍሉ ውጪ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። «ስንት ቀን?» ትዪኛለሽ። ቀን የለውም። ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪውና በየሳምንቱ አውጥተሽ አሽቺ። ፈሳሹ እንግዳ ነው፤ እሱ እያለ የባለቤቱ ሽታ አይሰማም። እንግዳው ሲወጣ የብል መድኃኒቱ ሽታ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ሞርጂ። ከዚያ በፊት ከሞረድሽ የምታስተካክዪው ያበጠውን ነው፤ ፈሳሹ ሲወጣ ቦታው ይጎደጉዳል፣ ይከፈታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መስኮት ክፈቺ። ይህን ሦስት ጊዜ እንደጻፍኩት ቁጠሪው።

ስለ ቁልፉ ሐሳቤ አልተለወጠም።

አጎትሽ


መጋቢት 8

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ ግን ከአሴቶኑ የተነሳ እንደ ጠመኔ ነጥተዋል።

መጋቢት አንድ ቀን ሠራሁት። ብሩሹን ገና ከማስጠጋቴ ስንጥቁ ፈሳሹን ጠጣው፤ እንዳሉት ነው። እንባውም ወጣ። እጄን ኋላዬ አድርጌ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ባልደረባዬ «ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸተትኩት። እንግዳው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ እንዳይቆጡ።

ዳኛዋ ትናንት ጥርሳቸውን ሊለኩ ሲመጡ የብዕሩን ሣጥን ይዘውልኝ መጡ። ውስጡ ለጠገኑት ብዕር ሁሉ የሚያኖሩት ያ ጣት የሚያህል ነጭ ካርድ አለ። «ተሠራ፦ መስከረም 3። ተሞረደ፦ መስከረም 15። ይሁን።» ይላል። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ፣ ጋሼ። እኔን እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ጠብቂ የሚሉኝ ሰው!

ቤት ስገባ ስመረቅ የጠገኑልኝን የራሴን ብዕር ሣጥን ከፈትኩ። «ተሠራ፦ ሚያዝያ 2። ተሞረደ፦ ግንቦት 29። ይሁን።» ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። የእኔ ካርድ ላይ «ይሁን» የሚለው የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም። ክብ ክብ ያለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። የእትዬ ነው። እናንተ ቤት እየዋልኩ ሳድግ የገበያ ዝርዝር ስትጽፍ ያየሁት ጽሑፍ ነው፤ አልስተውም። የዳኛዋ ካርድ ላይ ያለው ግን የእርስዎ ነው። ክብ ሊያደርጉት ሞክረዋል፤ አልሆነልዎትም።

ስለ እትዬ ማንሳት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ባለቤትዎ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እስከ ዛሬም ስሟን ስንጠራ ከክፍሉ ይወጣሉ። ግን እትዬ አንድ ቀን ሞረድ ስትይዝ አላየሁም። «ይሁን» የምትለው ምኑን ነበር?

ድርቄ


መጋቢት 19

ድርቄ፣

ሥራ አስተምረኝ አልሽ፣ አስተማርኩሽ። መርማሪ ሁኚ አላልኩሽም። ክዳኑን አሽቺ፤ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም።

ፀጉር አስተካካዩ ትናንት ሜትር ይዞ መጥቶ ግድግዳውን ለካ።

አጎትሽ


መጋቢት 28

ጋሼ፣

ክዳኑ ሃያ ሰባት ቀን ሆነው። እንግዳው እግሩን ሰብስቧል፤ አልወጣም።

ስድስት ዓመቴ ሳለ ጥርሴን አሞኝ አልጋ ሥር ተደብቄ ነበር። ሁሉም ሲፈልጉኝ ያገኙኝ እርስዎ ነዎት። በደረትዎ ተኝተው ወደ አልጋው ሥር አጎንብሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉኝ። ወጣሁ። ጥርስ ሠሪ የሆንኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ እኔ በደረቴ ተኝቼ እያጎነበስኩ ነው። በየሳምንቱ እጽፋለሁ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ሰልችቷታል፤ እኔን አልሰለቸኝም። እትዬ «ይሁን» የምትለው ምኑን ነበር?

ድርቄ


ሚያዝያ 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አራተኛው ነው፤ ወረቀትም አለቀብኝ።

አይሸተኝም።

ይኸው ጻፍኩት። ሳሙና፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ ያረረ ድስት፣ ምንም አይሸተኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ያወቅነው እትዬሽ ወተት ጥዳ «አደራ» ብላኝ ጎረቤት ደርሳ የመጣች ዕለት ነው። ለወጥ ቤቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ብዕር እያበራሁ ነበር። ስትመለስ ወተቱ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ከኋላዬ ያለው ክፍል ጭስ ብቻ ሆኗል። ልትጮህብኝ አፏን ከፈተች፤ ዘወር ብዬ ስስቅላት ፊቴን አየችና ተወችው። ምንም እንዳልሸተተኝ ገብቷታል።

ሐኪሙ «ከፈሳሹ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለኝ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። አቧራ እንዳያርፍብኝ ብዬ ሃያ ዓመት መስኮት ዘግቼ ነው የሠራሁት። እሷ «ክፈት» ትለኛለች፣ እኔ «አቧራ» እላታለሁ። ለአንቺ ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ አፍንጫዬ እሷ ሆነች። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ወጥ ቤት እሄዳለሁ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትቀበለኝና ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትለኝ «ገና ነው» ነው። እከራከራለሁ። «ሠላሳ ቀን እኮ ሆነው!» ስላት «ገና ነው።» «ደንበኛው ነገ ይመጣል!» ስላት «ይምጣ፤ ሰላም እለዋለሁ፤ ገና ነው።» ተናድጄ በሩን እየወረወርኩ ወደ ሱቅ እመለሳለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ ክዳኔን ይዤ እመጣለሁ። ሲደርስ ፈገግ ትልና «ቤቱ ለባለቤቱ ተመለሰ» ብላ ካርዱ ላይ «ይሁን» ትጽፋለች። ሰው እጀ ወርቅ ሲለኝ የኖረው በእሷ አፍንጫ ነው። ለማንም አልተናገርንም። ሽታ የማይለይ ብዕር ጠጋኝ ብዕሩን ማን ይሰጠዋል?

እሷ ካረፈች በኋላ የዳኛዋ ብዕር መጣ። ለምን በአሥራ ሁለት ቀን እንደሞረድኩት ልንገርሽ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። እግሬ ነው የወሰደኝ፤ አላሰብኩትም። ምድጃው ፊት ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። «ገና ነው» የሚለኝ ሰው የለም። ተመልሼ ሞረድኩት። ከዚያ «ይሁን»ን በእሷ እጅ ጽሑፍ ልጽፍ ሞከርኩ። በሙያዬ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«በቀን ቁጠር» እንዳትዪኝ። ወፍራሙ ሦስት ወር ይፈጃል፣ ቀጭኑ አንድ ወር፣ ያረጀው የፈለገውን። በግምት የሰው ብዕር አልሞርድም፤ አንድ ጊዜ ሞርጄ አይቼዋለሁ። ዓይኔ ነው ያልኩት ዓይኑ ለደከመ ሰው ስለሚታዘንለት ነው። አፍንጫዬ ብል ሰው ይስቃል።

አሁን አወቅሽ። የሰኔ አንዱን ነገር ተረጂኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 24

ይድረስ ለምወድዎ ለጋሼ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ጭምብሌን ሳላወልቅ አለቀስኩ፤ ጭምብል ውስጥ ማልቀስ ለማንም አልመክርም። አልቅሼ ጨረስኩ። አሁን ወደ ሥራ።

ክዳኑ ትናንት ሃምሳ ሁለት ቀን ሞላው። አሸተትኩት፤ የብል መድኃኒት ብቻ። ራሴን ስላላመንኩት ውጭ ወጥቼ ነፋስ ተቀብዬ ተመለስኩና ደግሜ አሸተትኩት። ቤቱ ለባለቤቱ ተመልሷል። ወዲያው በሰያፍ፣ ከከንፈሩ ወደ ላይ እያነሳሁ ሞረድኩት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም በጨርቅ። ብርሃን ላይ ካላዞሩት ስንጥቁ የት እንደነበር አይታወቅም። ሲያዞሩት አንዲት ቀጭን መስመር ትታያለች፤ እሷን ልደብቃት አልሞከርኩም።

ዳኛዋ ዛሬ ጠዋት አዲሱን ጥርሳቸውን አድርገው ክዳኑን ሦስት ጊዜ ከፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ዘጉ። «ማን ሠራው?» አሉ። «አጎቴ» አልኳቸው፤ ያኔም እርስዎ እንደነበሩ፣ አሁንም በደብዳቤ እጄን ይዘው ያሠሩኝ እርስዎ እንደሆኑ ነገርኳቸው። የአፍንጫውን ነገር አልነገርኩም፤ እሱ የእርስዎ ነው። «ሱቁ ክፍት ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። ዳኛ ፊት መዋሸት ያስቀጣል፤ አደራ እንዳያስቀጡኝ።

«ተረጂኝ» ላሉኝ፣ አልረዳዎትም። እጅዎ አለ፤ የጠፋው አፍንጫ ነው፤ አፍንጫ ደግሞ እኔ አለኝ። እርስዎ ይሥሩ፤ ክዳኑን ብቻ በጨርቅ ጠቅልለው በፖስታ ይላኩልኝ፤ አሽትቼ እመልሳለሁ። «አፍንጫ በፖስታ ይሠራል ወይ?» ሊሉኝ ነው። የእርስዎ ሥራ እኮ ግማሹ መጠበቅ ነው፤ መንገድ ላይ ይጠብቅ!

አቧራውንም አስቤበታለሁ። ክዳኑ ላይ ወንፊት ይድፉበትና መስኮቱን ይክፈቱ። ይህንን እኔም ሦስት ጊዜ እንደጻፍኩት ይቁጠሩት።

ድርቄ


ግንቦት 10

ድርቄ፣

ሐሳብሽ የእብድ ሐሳብ ነው። ሳምንት ሙሉ ስሰድበው ከረምኩ።

ከዚያ፣ አፍንጫ ከሆነ የተፈለገው ቅርብ ያለውን ልሞክር ብዬ ፀጉር አስተካካዩን ጠራሁት። እውነቱን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ክዳን ሰጠሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበና «ደስ ይላል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል» አለኝ። ለካ የሸተተው የራሱ እጅ ላይ ያለው ሽቶ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሽቶ ሲረጭ የኖረ ሰው አፍንጫ ከእኔ አይሻልም። ሁለታችን ተያይተን እስኪያመን ሳቅን።

ስለዚህ እዚህ ፖስታ ውስጥ አንድ ክዳን አለ። እትዬሽ የገበያ ዝርዝር ትጽፍበት የነበረው የቡናማው ብዕር ነው። ካረፈች በኋላ ከእጄ ወድቆ ተሰንጥቆ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር። «አይሸተኝም» ያልኩበትን ደብዳቤ በላክሁልሽ ማግስት ሱቁን ከፍቼ ሠራሁት። ካርዱ ላይ «ተሠራ፦ ሚያዝያ 13» ብቻ ነው የጻፍኩት። የቀረው የእኔ ሥራ አይደለም።

ስለ ሰኔ አንድ ለፀጉር አስተካካዩ የሰጠሁትን ቃል አላጠፍኩም። ሠራተኞችም አነጋግሯል። መጀመሪያ ክዳኑ ይመለስልኝና፣ ልችል እንደሆነ ልየው።

አጎትሽ


ግንቦት 18

ጋሼ፣

ሰኔ አንድ እየደረሰ እንደሆነ አውቃለሁ። ካርዱ ላይ «ይሁን» ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር። ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ከሰዓት አሸተትኩት። ሁለት ጊዜ ራሴን ላታልል ምንም አልቀረኝም።

ገና ነው።

መልሼ ልኬልዎታለሁ። በሰኔ መጨረሻ እንደገና ይላኩልኝ።

ድርቄ


ሰኔ 2

ድርቄ፣

ፖስታሽ የደረሰኝ ትናንት ሰኔ አንድ ቀን ነው። ሱቁ ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። ቁልፉን ለማስረከብ ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ አስቀምጬው ነበር።

«ይሁን» ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእኔ አዝነሽ ብትዪኝ እንዴት አውቃለሁ እያልኩ ስፈራ ነው የሰነበትኩት። ወረቀትሽን አነበብኩና ባዶ ክፍል ውስጥ ጮኽኩ። «እንዴት ገና ነው? አርባ ስምንት ቀን እኮ ሆነው! ቀጭን ክዳን ነው! ጥርስ ሠሪ ስለ ብዕር ምን ታውቃለች?» ሩብ ሰዓት ያህል ከወረቀትሽ ጋር ተከራከርኩ። በሩን ልወረውር ተነሳሁ፤ እጄ መዝጊያው ላይ ሲደርስ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚከራከረኝ ሰው አልነበረኝም። ተመልሼ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጭምብል አላደረግኩም።

ክዳኑን መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ጠረጴዛዬን ወለወልኩት። ወንፊት ገዝቻለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው።

ከቀትር በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ከሁለት ሠራተኞችና ከአንድ ትልቅ መዶሻ ጋር መጣ። ጠረጴዛውን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሽዬ፣ እንጀምር?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።